መክሊትን ያወረደው ዴስክ

«ወንበሩ ልክ ስለሆናት ነው፣ እማማ» አለኝ ዳይሬክተሩ አቶ ሽፈራው፣ ለልጅቷ ጫማ ገዝቶ ልኳ የሆነለት ሰው ይመስል ፈገግ ብሎ። እኔ የመጣሁት ሰማዩ ሲጠቁር አይቼ ሹራቧን ላደርስላት ነበር። ሦስተኛ ክፍል በር ላይ ቆሜ አንገቴን ባሰግግ መክሊት የለችም። ዘበኛው ሙሜ አፉን ሳይከፍት ወደ ታች፣ ግድግዳው ላይ ዝንጀሮና ሙዝ ወደተሳለበት የኬጂ ክፍል ጠቆመኝ። ገብቼ ሳይ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ፣ ማባዛትን በቃሏ የምትወጣው ልጅ፣ ጡት ከተዉ ብዙም ያልቆዩ ሕፃናት መሀል ተቀምጣ የአንዱን አፍንጫ በራሷ መሐረብ ትጠርጋለች። ሌላው ጫማው ተፈቶበት ተራ ይጠብቃታል። የክፍሉ አስተማሪ ኑሃሚን የምትባል ለጋ ልጅ ናት፣ ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያሰኘችው ግን አስተማሪዋ አልነበረችም።

ከሰኞ ጀምሮ ኖሯል። የሄድኩት ሐሙስ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለትምህርት ቤቱ አዳዲስ ዴስኮች ሰጠ። ዴስኮቹ በአይሱዙ ተጭነው ሲመጡ ልጆቹ ተሰልፈው ዘመሩ፣ ዳይሬክተሩ ክራቫት አስሮ ፎቶ ተነሣ፣ ጭብጨባው እኛ ሰፈር ድረስ ተሰማ። ለማን እንደተሠሩ የጠየቀ ግን የለም። የተሠሩት ጢም ላወጣ ጎረምሳ ነው፤ የገቡት ሦስተኛ ክፍል። የሌላው ልጅ እግር እንደ ልብስ ተንጠልጥሎ ይውላል። ለመክሊት ደግሞ ጭራሽ መውጣቱ ራሱ ሥራ ሆነ። የመክሊት እግርና እጅ አጭር ነው፤ አጥንቷ እንደ እኩዮቿ አያድግም። አዲስ አበባ ድረስ ወስደናት ሐኪሞቹ ያሉን ይኸንኑ ነው። ጭንቅላቷ ግን የማንንም ያህል ይሠራል ብለውናል። የማንንም ያህል የምለው ለአቶ ሽፈራው ክብር ብዬ ነው።

«የአንዱን ዴስክ እግር ቆርጣችሁ ብትሰጧት ምን አለበት?» አልኩት ቢሮው ገብቼ። ደነገጠ። ዴስኩ ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው አለኝ፣ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ እግሩን ለመቁረጥ ወረዳው ለዞኑ ይጽፋል፣ ዞኑ ለድርጅቱ ይጽፋል፣ ድርጅቱ ሰው ልኮ ያያል። ልጅቷ ላይ ግን ቁጥር አልተለጠፈባትምና ከሦስተኛ ወደ ኬጂ ለማውረድ ማንም ለማንም አልጻፈም። «ጊዜያዊ መፍትሔ ነው» ይላል ደጋግሞ። በዚች በጭሮ ከተማ ጊዜያዊ የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ አይቻለሁ፤ የእኛ ሰፈር ጊዜያዊ ድልድይ ላይ ልጅ ሆነው የተሻገሩ ዛሬ ልጆቻቸውን ያሻግሩበታል። ይኼን ስነግረው ፈገግታው ጠፋ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ነገሩንም ወደ እኔ አዞረው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ራስዎ አዝለው አይደል የሚያመጧት? ልጅቷ እኮ እስከ በር ድረስ መሬት አትረግጥም። ሙሜ ነው ከጀርባዎ ተቀብሎ የሚያስገባት። እኛ ትችላለች ብለን በምን እንወቅ?»

ይኼ ሌላ ነገር ነው። መንገዱን ያየ ይፍረድልኝ። የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እያወራ ነው የሚነዳው፤ የጫት መኪና ደግሞ ጫቱ እንዳይጠወልግ ሲል ለራሱ እናትም ፍሬን አይዝም። እኔ ልጅቷን ያዘልኩት ከመኪና ለማዳን እንጂ ሕፃን ናት ብዬ አይደለም። ይኼን ሁሉ ለማስረዳት አፌን ስከፍት አቶ ሽፈራው ሰዓቱን አየ። ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል አለኝ። ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ አንድ ዴስክ ይገባል፣ ልጅቷ ያለ ማንም ድጋፍ ወጥታ ከተቀመጠችና ከወረደች ወደ ሦስተኛ ክፍል ትመለሳለች። ካልቻለች ዓመቱን እዚያው ከዝንጀሮውና ከሙዙ ጋር ትጨርሳለች፣ «ለራሷ ደህንነት ሲባል»። አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ስትወጣ ለማየት ኮሚቴ። ለዴስኮቹ እንኳን ኮሚቴ አልተቋቋመም ነበር።

ለምሳ አዝዬ ወሰድኳት። የምንኖረው ከዋናው መንገድ በታች ካለው ቁልቁለት፣ ሰው ግቢ ውስጥ በተከራየናት ሁለት ክፍል ነው። እናቷ፣ ልጄ ሙሉወርቅ፣ ነርስ ናት፣ ገለምሶ ተመድባ በወር አንዴ ሁለቴ ትመጣለች፤ አባቷ ተስፋዓለም መቻራ ቡና ሲሰበስብ መንገዱ በዝናብ ከተበላሸ እዚያው ይቀራል። ሙሉወርቅ አዳማ ለሥልጠና ሄዳ ከመጣች ወዲህ ቤቴ ቤት አልሆነም። የመብራቱ ማብሪያ ላይ ገመድ አሠረችበት፣ የበሩን እጀታ ከወገቤ በታች አስወረደችው፣ ኩባያውን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርዳ መሬት ላይ ባለ ሣጥን ደረደረችው፣ ለአናጺ ከፍላ በየክፍሉ መወጣጫ አሠርታ እኔን በየደረስኩበት አደናቀፈችኝ። «ራሷን እንድትችል ነው፣ እማዬ» ትላለች። መኪናዋ ከመናኸሪያ ሳትወጣ እኔ ኩባያዎቹን ወደ ላይ እመልሳለሁ። ብርጭቆ ነው፣ ይሰበራል፣ እጅ ይቆርጣል። መወጣጫው ላይ የዘይት ጀሪካን አስቀምጬበታለሁ፤ እንጨቱ ጥሩ እንጨት ነው፣ ለዘይት ተስማምቷል። እሷ ያወረደችውን እሰቅላለሁ፣ የሰቀለችውን አወርዳለሁ፤ እንዲህ ተግባብተን እንኖር ነበር።

ስልክ ደወልኩላት። ኬጂ አወረዷት፣ ኮሚቴ አቆሙባት፣ አገር ይስማልኝ ብዬ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩ። በስልኩ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አንድ ሰው «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲላት ይሰማኛል። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከሁላችን የእሷ ዝምታ የከፋ ነው፣ ከአባቷ የወረሰችው። በመጨረሻ «ዛሬ ስትወስጃት አትዘያት» አለችኝ። ይኼ ብቻ። «ኮሚቴውንስ?» ብላት «ልጅቷ አጭር ናት እንጂ ሕፃን አይደለችም፣ እማዬ። ይኼን ለኮሚቴው ከመንገርሽ በፊት ለራስሽ ንገሪው» አለችና በሽተኛ አለብኝ ብላ ዘጋችው። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ንግግሩ አጭር ነው፣ ደሞዝ የሚቀነስበት ይመስል።

ምሳችን ፓስታ ነበር። ጠቅልዬ ወደ አፏ ሳስጠጋ መክሊት ሹካውን ከእጄ ወሰደችው። አልተቀየመችኝም፣ አልተኮሳተረችም፤ በቃ ወሰደችው። ሁለታችንም ሳህኑን እያየን በላን። ጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ቤት ታስቀሪኛለሽ።»

እውነትም ልጅ ሰድቧት የመጣች ዕለት ሁሉ «ይቅርብሽ፣ እኔ ቤት አስተምርሻለሁ» እላታለሁ። የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው። እሷ ማካፈል ስትጀምር እኔ መነጽሬን መፈለግ እጀምራለሁ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለች አፏን እየጠረገች። «ኮሚቴው ፊት እንዳትነኪኝ።»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

በቁልቢው ገብርኤል ማልኩላት። ጠበል ረጨኋት፣ ጉልበቷን ቫዝሊን ቀባኋት፣ ተይ ስትለኝ ክርኗንም ጨመርኩ። ከግቢ ስንወጣ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ በርከክ ብል እሷ በጎኔ አልፋ ሄደች።

በእግሯ ስትሄድ ከኋላ አይቻት አላውቅም ነበር። ከጎን ወደ ጎን እያለች ትሄዳለች እንጂ ፍጥነቷ ከእኔ ከባለ ሪህ አይብስም። የድንጋይ ደረጃ ሲሆን ዞራ በእጇ ይዛ እንደ መሰላል ትወጣዋለች። ቦዩ ጋ ስትደርስ ግራ ቀኝ አይታ ጠባብ ቦታ ፈልጋ ተሻገረች፤ እኔ ደግሞ እሷን ሳይ ሰፊው ጋ ሄጄ ነጠላዬን ጭቃ ነከርኩት። እጄ እንዳያስቸግረኝ በነጠላው ጫፍ ጠቅልዬ አሰርኩት። መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሥራ ፈቶ ያየናል። አንዱ ባለ ሱቅ «ምነው ዛሬ አወረድሻት፣ ጀርባሽን አመመሽ?» አለኝ። አንዱ የባጃጅ ልጅ ደግሞ አጠገባችን ቀስ ብሎ «እማማ፣ ሕፃኗን አቅፈሽ ግቢ፣ ለእሷ አላስከፍልሽም» ይላል፣ ጽድቅ የሠራ መስሎት።

«ሦስተኛ ክፍል ነኝ» አለችው መክሊት ሳትቆም።

«ሦስተኛ ክፍልማ ትከፍላለች» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሦስተኛ ክፍል ለመሆን ያቺ አንዲት ዴስክ እንደቀረቻት እሱ በምን ያውቃል?

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። አቶ ሽፈራው ሰብሳቢ። ሁለተኛው አቶ ቢራቱ፣ የወላጆች ተወካይ፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው። የራሱ ልጆች ሌላ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፤ እዚህ የሚወክለው የእኛን ነው። ጫት በሚቃምበት በበርጫ ሰዓት ስለተጠራ አንድ ጉንጩ እንዳበጠ መጥቶ ስለ ልጅቷ አዘኔታውን በሌላው ጉንጩ ይነግረኛል። ሦስተኛው የመክሊት የክፍል ኃላፊ ዳግማዊ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተብሎ ተቀምጦ ዓይኑን ከወረቀት አያነሣም። ልጅቷን በየቀኑ እያነሣ ዴስክ ላይ ማስቀመጥ ወገቤን ጎዳኝ ብሎ ያመለከተ እሱ መሆኑን ሙሜ ነግሮኛል። ወጣት ነው፣ ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ፣ እዚያ ላይ ወገቡ ደህና ነው።

መሀል ወለሉ ላይ ዴስኩ ቆሟል። መክሊት አየችው፣ ዞረችው፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ከአበባው መደብ ዳር አንድ ጡብ ይዛ ተመለሰችና ሥሩ አስቀመጠች። ኮሚቴው ተያየ። ጡብ ድጋፍ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። አቶ ቢራቱ ስለ ጡብ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ብዙ ተናገረ። አቶ ሽፈራው ደግሞ መመሪያው «ያለ ድጋፍ» ነው የሚለው አለ፤ መመሪያውን ከምሳ በፊት ራሱ እንዳወጣው እኔና እሱ እናውቃለን። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ እስከ ጣሪያ ድረስ ፋይል ተከምሯል። ያንን ሲያወርድ ወንበር ላይ እንደሚወጣ የታወቀ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን ኬጂ የላከው የለም። ይኼን ልል ስል መክሊት በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ፣ ጡቡንም በእግሯ ወደ ጎን ገፋችው።

«ያለ ጡብ እወጣለሁ» አለች።

በሆዷ ተደግፋ መቀመጫውን በሁለት ክንዷ አቅፋ ያዘችው፣ ራሷን ሳበች። ደረቷ ወጣ። አንድ ጉልበቷን ለማንሣት ስትሞክር ሌላው እግሯ አየር ላይ ቀረ፣ የሚረግጠው ነገር እየፈለገ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፊቷ ቀላ። እቃው አዲስ ስለሆነ ያንሸራትታል። ትወድቃለች። ሲሚንቶው ላይ በግንባሯ ትወድቃለች፣ ጥርሷ ይረግፋል፣ ለሙሉወርቅ ምን እላታለሁ፤ ይኼን ሁሉ ሳስብ እጄ ከነጠላው መቼ እንደተፈታ አላውቅም። ብቻ በብብቷ ሥር ገብቶ ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጣት አየሁት። እጄን ማለቴ ነው። የቁልቢው ገብርኤል ታዘበኝ።

«በድጋፍ ብለህ ጻፍ» አለ አቶ ቢራቱ። ዳግማዊ ጻፈ።

አቶ ሽፈራው አዘነልኝ። ከልቡ ነው ያዘነው፣ ያ ነው ያንገበገበኝ። «አዩ እማማ፣ እርስዎ ራስዎ መሰከሩ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ትንሽ ብተዋት ትወጣ ነበር፣ አንድ ጊዜ ይደገም ብዬ ለመንኩ። ሰዓት የለም አሉኝ። አቶ ቢራቱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ የሚጠብቀው ጫት እንደሆነ ጉንጩ ይናገራል። መክሊት ዴስኩ ላይ እንደተቀመጠች ሁላችንንም አየችን፣ እኔን መጨረሻ። ልጄ አልቅሺ፣ ብታለቅሽ ይራሩልሻል እላለሁ በልቤ። አላለቀሰችም። ተንሸራትታ ወረደች፤ ስትወርድ ማንም አልነካትም፣ ማንምም አልጻፈላትም።

«እማማ፣ ውጪልኝ» አለች።

ወጣሁ። በሰው ፊት እንዲህ ተብዬ አላውቅም፣ ግን ወጣሁ። የቢሮው በር ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ከላይ በኩል ያለው መቀርቀሪያ ካልተወረወረ በቀር ንፋስ መልሶ ይከፍተዋል። ቢዘጉትም ወለል አለ። እኔ እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ በክፍተቱ አያለሁ፤ ዓይኔን ወዴት ላድርገው? መክሊት ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አቶ ሽፈራው ጠረጴዛ ሄደች። አቶ ሽፈራው ቆሞ ስለነበር ወንበሩ ባዶ ነው፣ ያ በዳንቴል የተሸፈነ፣ ትልቁ። በሁለት እጇ ጎትታ አመጣችው። ሲሚንቶው ላይ ሲጢጥ ሲል ማንም «ተይ» አላለ፣ አፋቸውን ከፍተው ነው የቀሩት። በሩ ጋ አደረሰችው፣ በእግሮቹ መሀል ያለውን እንጨት ረግጣ መቀመጫው ላይ ወጣች፣ ከዚያ መደገፊያውን ይዛ የክንዱ ማረፊያ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደፊት ብል በሩን በፊቴ ላይ ገፋችው። ከላይ፣ ከራሴ በላይ፣ እኔ በእግሬ ጣት ቆሜ ከምደርስበት ቦታ፣ መቀርቀሪያው ቋ ብሎ ሲገባ ሰማሁት።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ዴስኩ ላይ ልውጣ ወይስ ይበቃል?» አለች መክሊት።

አቶ ቢራቱ ሳል ጀመረው፣ ጫቱ ሳይሄድበት አልቀረም። ወንበሩ ተመልሶ ሲጎተት ተሰማ፤ የጎተተው ማን እንደሆነ ልምል አልችልም፣ ግን ድምፁ መቼም የእሷ አጎታተት ነው። ከብዙ ጉርምርምታ በኋላ አቶ ሽፈራው ጉሮሮውን ጠርጎ ለዳግማዊ ያጽፈው ጀመር። «ትምህርት ቤቱ ባደረገው ያላሰለሰ ክትትልና ድጋፍ ተማሪዋ ራሷን መቻሏ ስለተረጋገጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሦስተኛ ክፍል እንድትመለስ።» ያላሰለሰ ድጋፍ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሳይታክቱ ደግፈዋታል።

«ጡቡም ይግባ» አለች መክሊት።

«ጡቡም ይገባል» አለ አቶ ሽፈራው ድክም ብሎት።

በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሙሜ ዱላውን ይዞ መጣ። ሙሜ አማርኛው ላይ «እርስዎ» የሚባለው ነገር አይሆንለትም፤ ለዞኑ ኃላፊም «አንተ» ነው፣ ማንም አይቀየመውም።

«አዮ፣ ማል ታቴ? እናቴ፣ ምን ሆንሽ? ለምን ውጪ ተቀመጥሽ?»

«ዘጋችብኝ።»

«ማናት?»

«መክሊት ናታ።»

ሙሜ በሩን አየ። ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። «ያንን?»

«ያንን።»

«በይ ወላሂ።»

«ምን ያስምለኛል፤ ሂድና ግፋው።»

ሄዶ ገፋው። አልተከፈተም። በመዳፉ እንጨቱን መታ መታ አድርጎ «ማሻ አላህ» አለና እንደ ልጅ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው አሳድጎ በር ሲዘጋበት አይስቅም። ተነሥቼ ነጠላዬን አራገፍኩና ከግቢው ወጣሁ፣ ለሚሰማኝም ሁሉ አቤት ማለት ጀመርኩ። ባለ ሱቁ ልጅቷስ ቢለኝ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ አዝዬ አሳድጌያት በሰው ፊት በር ቆለፈችብኝ አልኩት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አስቁሜ ልጅ ማሳደግ ከንቱ ነው አልኳቸው። ጫት ሻጯ ሀሊማ ጋ ስደርስ ጫቷ ላይ ውኃ እየረጨች ነበር። ነገርኳት። እጇ እርጥብ እንደሆነ ቆመች።

«አንቺ፣ ያቺ ትንሿ? እንዴት አድርጋ ደረሰችበት?»

«ወንበር ጎትታ።»

«የማንን ወንበር?»

«የዳይሬክተሩን።»

ሀሊማ ሽርጧን ሰብስባ ከመደቧ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። ከሀሊማ መደብ የትምህርት ቤቱ በር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የተቀመጥኩት ግን ደክሞኝ ነው። ልጆቹ እስኪለቀቁም ጊዜ ነበረኝ። ክሴን ከመጀመሪያው አነሣሁት፣ በዚህኛው ላይ ወንበሩን ትንሽ ከበድ፣ መቀርቀሪያውንም ትንሽ ከፍ አደረግሁት።